ስኳር የደረሳት ሙሽራ

ኢርያ ጥርሶቿን በሙሉ የምታስነቅልበት ቀጠሮ እንደተያዘላት የሰማችው ከሳውናው፣ ከእንፋሎት መታጠቢያው፣ ወጥታ ፀጉሯን በፎጣ ስትጠቀልል ነው። እናቷ ለምፒ ጠረጴዛው ላይ ድንች እየላጠች፣ ዓይኗን ከቢላዋው ሳታነሳ፣ ስለ ድስት ወይም ስለ አንሶላ እንደሚያወራ ሰው ነገረቻት።

«የሠርግሽን ስጦታ ጨረስኩ» አለች። «አርብ የጥርስ ሐኪሙ ዘንድ ነሽ። የላይኛውንም የታችኛውንም ባንዴ ይገላግልሻል። ድዱ እስኪጠግግ ሠርጉ ይደርሳል፤ አዲሱን ጥርስ አድርገሽ ቤተ ክርስቲያን ትገቢያለሽ።»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች ኢርያ።

«ስጦታ ተጠይቆ ይሰጣል እንዴ?»

«እማዬ፣ ጥርሱ ያለው እኮ እኔ አፍ ውስጥ ነው!»

«የቀረው በይ እንጂ። ግማሹ ተቦርቡሮ አልቋል።»

በሐርቫላ መንደር ይህ ነውር አልነበረም። ሴት ልጅ ስታገባ የጥርስ ሕመሟንና ወጪዋን ይዛ ባሏ ቤት እንዳትገባ፣ ሁሉንም አስነቅሎ ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ መግዛት የወላጅ ደግነት ነበር። ለምፒም እንዲሁ ተደርጎላታል፤ ያኔ ገና የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች። ኢርያ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ እናቷ አፏን በእጇ ሳትሸፍን ስትስቅ አይታት አታውቅም። ለምፒ ፖም ሲያምራት እንኳ በማንኪያ ፍቃ ነበር የምትበላው።

ለምፒ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ስሚ አንቺ ልጅ፤ የእኛ ዘር ጥርሱ ገና ሳይበቅል የተበላ ነው። በደም የመጣ ነገር ነው። እህቴን አውኔን እኔ ነኝ ያስታመምኳት። በጦርነቱ ክረምት፣ በረዶው መንገዱን ዘግቶት፣ ፈረሶቹ ሁሉ ግንባር ሄደው። አንድ ጥርስ ነው የጀመራት። ፊቷ አበጠ፣ ከዚያ አንገቷ አበጠ፣ ከዚያ መተንፈስ አቃታት። አባቴ ቀብሯት ሲመለስ የሌሎቻችንን ጥርስ አንድም አላስቀርም ብሎ ማለ። አላስቀረም። ይኸው ሁላችንም በሕይወት አለን።»

ኢርያ ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች። በሰማች ቁጥር ዝም ትላለች፤ በሞተች ልጅ ላይ ምን ተብሎ ይመለሳል? ዛሬ ግን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ታናሽ እህቷ ሄልካ ተቀምጣ፣ ምላሷን ጉንጯ ውስጥ እያዞረች የራሷን ጥርሶች ስትዳስስ አየቻት። ሄልካ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ተራው የማን እንደሆነ ገብቷታል።

«አርብ ዕለት ሐኪሙ ወንበሩን ባዶ ያገኘዋል» አለች ኢርያ። ፀጉሯ ሳይደርቅ ሻንጣዋን ይዛ ወደምትሠራበት ከተማ ወደ ቱርኩ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈረች።

አርብ ሲደርስ ከምትሠራበት የሹራብ ፋብሪካ ንቅንቅ አላለችም። ሠርጉም ደረሰ። ለምፒ መጣች፣ ከፊት ተቀመጠች፣ አጨበጨበች፤ ከልጇ ጋር ግን ቃል አልተለዋወጠችም። ኢርያ ፎቶ ሲነሡ ሆን ብላ አፏን ከፍታ ሳቀች። አንዱ የፊት ጥርሷ ጠርዙ ጠቁሮ ነበር፤ ይታይ አለች።

ባሏ ታይስቶ መርከብ በሚሠራበት ቦታ በያጅ ነው። ሰፊ፣ ሳቂታ ሰው፤ የቢራ ክዳን በጥርሱ ይከፍት ነበር። ጥርስ የሚባል ነገር ሊያም እንደሚችል በወሬ ካልሆነ አያውቅም።

በዚያው መከር ላይ ዶክተር አይሪ ኑርሜላ የምትባል ሴት ፋብሪካው ምግብ አዳራሽ ድረስ መጣች። ቀጭን ናት፤ ድምፅዋ ግን ከማሽኖቹ በላይ ይሰማል። የጥርስ ሐኪሞች ለሁለት ዓመት የሚከታተሏቸው ሰዎች እንደሚፈልጉ ተናገረች። ገሚሱ ሰው የተለመደውን ስኳር ይበላል፤ ገሚሱ ደግሞ ከበርች ዛፍ እንጨት የሚወጣ፣ ጣዕሙ እንደ ስኳር የሆነ ነገር። ዳቦው፣ ማርማላቱ፣ ከረሜላው ሁሉ ተሠርቶ በነፃ ይሰጣል። ጥርሱ የተበላ ሰው መጀመሪያ ይሞላለታል።

ኢርያ ማንኪያዋን ወረወረችና ተነሣች። በማግስቱ ታይስቶን ይዛ ሄደች።

«ነፃ ማርማላት?» አለ ታይስቶ። «ቶሎ ይጻፉኝ!»

ዶክተር አይሪ የኢርያን አፍ ረጅም ጊዜ አየች። ሥራ የሚበዛበት አፍ ነው። ከተሞላላት በኋላ ግን ሁሉም ጥርሶቿ ሊተርፉ እንደሚችሉ ነገረቻት። ኢርያ ወንበሩ ላይ እንዳለች ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ከሕመሙ ነው ብላ አሳበበች።

የሚበሉት በዕጣ ነበር የሚወሰነው። ዶክተሯ የዕጣውን ከረጢት ከማቅረቧ በፊት፣ «የደረሰሽን ትቀበያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ኢርያ «እቀበላለሁ» አለች። ታይስቶ እጁን ከተተ፤ በርች ደረሰው። ኢርያ እጇን ከተተች፤ ስኳር ደረሳት።

«ይቀየርልኝ» አለች ወዲያው።

«አይቀየርም።»

«ይሄ ሰውዬ ምን ያደርግለታል? ጥርሱ ድንጋይ ነው! እኔ ነኝ የቸገረኝ። ጥርሴን ላድን ብዬ ነው የመጣሁት!»

«አንቺ ጥርስሽን ልታድኚ መጣሽ» አለች ዶክተር አይሪ። «እኔ ደግሞ እውነቱን ላውቅ። የቸገረው ሁሉ ወደ በርቹ ከሄደ፣ ጥርሱ ድንጋይ የሆነው ሁሉ ወደ ስኳሩ ከሄደ፣ በመጨረሻ ምን አወቅን እንላለን? እስካሁን ስትበዪ የኖርሽውን ነው የምትበዪው። የጨመርኩብሽ ነገር የለም። ካልፈለግሽ ግን በሩ ክፍት ነው።»

ኢርያ እየተናደደች በስኳር የተሠራው ምግብ ያለበትን ካርቶኗን ተሸክማ ወጣች።

በዚህ ዓይነት አዲሶቹ ተጋቢዎች በሁለት ቁም ሳጥን መኖር ጀመሩ። ታይስቶ በራሱ ቁም ሳጥን ላይ የበርች ቅጠል ለጠፈበት። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አንድ ሙሉ ብርጭቆ ማርማላት ባንድ ጊዜ ጨረሰና ሆዱ ተነሣ። ሽንት ቤቱ ግቢው ጫፍ ላይ ነው፤ ሱሪውን ይዞ ሲሮጥ ጎረቤት ሁሉ በመስኮት አየው።

«ስንቱን በርች ለሳውና ፈልጬ ይሆን!» እያለ ይጮህ ነበር ከውስጥ። «ዛፉ ተበቀለኝ!»

«ቀስ ብለህ ብላ ተብለሃል እኮ፣ ሆዳም!» አለችው ኢርያ፤ ከበሩ ውጭ ቆማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ሳቁ እስከ ክረምቱ አጋማሽ ቆየ። ከዚያ አንድ ጠዋት ኢርያ ቀዝቃዛ ወተት ስትጠጣ ከግራ በኩል እንደ መርፌ ወጋት። ምን እንደሆነ ለማወቅ ሐኪም አላስፈለጋትም። ቀኑን ሙሉ ክር እየገጣጠመች «በደም የመጣ ነው» የሚለው የእናቷ ድምፅ አልለቃት አለ።

ማታ እራት ላይ ታይስቶ ቁም ሳጥኑን ከፈተላት።

«ከኔ ውሰጂ» አለ። «እኔ ያንቺን እበላለሁ። ማን ያያል?»

ኢርያ የእሱን ማርማላት በማንኪያ ጨለፈች። ከንፈሯ ድረስ አደረሰችው። ሽታው ያው ነው፣ መልኩ ያው ነው። አንድ ጊዜ ብትውጠው ሁለተኛው እንደማይከብዳት አወቀች። ማንኪያውን መልሳ ብርጭቆው ውስጥ ጣለችው።

«ሰርቄ ባድነው እማዬ ምን ልትል ነው? እኔስ ምን ብዬ ልነግራት ነው?»

«ጥርስሽ እኮ ነው የሚያመው፤ የእናትሽ አይደለም።»

«ዝጋው ታይስቶ። ዝጋውና ከፊቴ ዞር በል!»

በማግስቱ ከሥራ በቀጥታ ዶክተር አይሪ ዘንድ ገባች። ተራ የሚጠብቁ ነበሩ፤ አልፋቸው ሄደች።

«ቆመው እያዩኝ ነው የምበሰብሰው!» አለች። «የእርስዎ እውነት በእኔ አፍ ነው እንዴ የሚገኘው?»

ዶክተር አይሪ አልተቆጣችም። አስቀምጣት አፏን አየች፤ አዲስ ጉድጓድ ተገኘ፤ ወዲያው ሞላችው። ሌሎቹን ታካሚዎች ጨርሳ ስትመለስ፣ ከኢርያ ጥርስ ሥር ነጩን ለስላሳ ቆሻሻ በቀጭን መሣሪያ ፋቀች።

«ይሄ የምግብ ትራፊ ብቻ አይምሰልሽ» አለቻት። «ሕያው ነው። ባክቴሪያ ነው፤ ቁጥር ስፍር የለውም። እነሱም እንዳንቺው ይበላሉ። ስኳር ሲያገኙ በልተው አሲድ ያወጣሉ፤ ጥርስሽን የሚቦረቡረው አሲዱ ነው።»

ሐምራዊ ፈሳሽ ያለባቸው ሦስት ብልቃጦች ደረደረችና ከኢርያ አፍ ያወጣችውን ለሦስቱም አካፈለች። አንዱ ውስጥ ስኳር ጨመረች። ሁለተኛው ውስጥ የስኳር በሽተኞች ከረሜላ የሚሠራበትን ሌላ ማጣፈጫ፣ ሦስተኛው ውስጥ የበርቹን። አሲድ ከወጣ ሐምራዊው ቢጫ ይሆናል አለቻትና ሙቀት ካለው ሣጥን ውስጥ አስገባቻቸው።

ኢርያ በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ መጣች። ባለ ስኳሩ ብልቃጥ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ሆኗል። ሁለተኛው ዳር ዳሩ ገና መደብዘዝ ጀምሯል። ሦስተኛው እንዳለ ሐምራዊ ነው።

«ሁለተኛው ለምን እንዲህ ሆነ?»

«እሱንም ይበሉታል፤ ግን ዝግ ብለው። ሌላ ስኳር ካላጡ ብዙም አይቸኩሉበትም። ቀን ከተሰጣቸው እሱም ቢጫ ይሆናል።»

«የበርቹንስ?»

ዶክተር አይሪ ብልቃጡን ብርሃን ላይ አነሣችው። «እንደሚመስለን ስኳር መስሏቸው ያስገቡታል። ካስገቡት በኋላ ሊፈጩት አይችሉም። መልሰው ሊያወጡት ደግሞ ጉልበት ይፈጃሉ። ገና ሙሉ በሙሉ አላወቅነውም። አሲድ ግን የለም፤ እሱን አንቺም በዓይንሽ ታዪዋለሽ።»

ኢርያ ብልቃጦቹን ደጋግማ አየች። የሦስቱም ባክቴሪያ ከአንድ አፍ የወጣ ነው። ያው የእሷ አፍ፣ እናቷ «የእኛ ደም» የምትለው። ጥፋቱ የደሙ ቢሆን ሦስቱም ቢጫ በሆኑ ነበር።

«እንግዲያው ነገሩ ታውቋል» አለች። «ወደ ሦስተኛው ያዙሩኝ!»

«ብልቃጥ አፍ አይደለም። ለእናትሽ ይሄን ብልቃጥ ብታሳዪያት ታምናለች?»

ኢርያ ሳታስበው ሳቀች። «እማዬ? ቀለም ነው የቀባችሁት ትላለች።»

«ምን ብታይ ነው የምታምነው?»

«ሰው አፍ ውስጥ ያየችውን ብቻ።»

«ዓለሙም እንደ እናትሽ ነው» አለች ዶክተር አይሪ። «በርች የበላ አፍ ብቻ ይዤ ብወጣ ‹ድሮም ጥርሳቸው ደህና ነበር› ይሉኛል። ስኳር የበላ አፍ ከጎኑ ማስቀመጥ አለብኝ። ማንንም ግን አስገድጄ አላስቀምጥም። ዛሬ ብትወጪ እንኳ ጥርስሽን መሙላቴን አልተውም።»

ኢርያ መስኮቱ አጠገብ ሄዳ ቆመች። ወንዙ በረዶ ሆኖ ሰው በላዩ ይሻገራል። ሄልካን አሰበች። ሁለት ዓመት ቢቀራት ነው፤ ከዚያ እናቷ ሠርግ እንኳ ሳትጠብቅ ለእሷም ቀጠሮ ትይዛለች። ያን ቀን ኢርያ በዓይን የሚታይ ማስረጃ ሳትይዝ፣ ሐኪም እንዲህ አለ ብላ ብትከራከር ማን ይሰማታል?

«ጥናቱ ውስጥ እቆያለሁ» አለች ዞር ብላ። «ግን ማንንም ለማስደሰት እንዳይመስልዎት። የተቦረቦረውን ባዩበት ቀን ይሞሉልኛል፤ ለነገ የሚባል ነገር የለም። አንድ ጥርስ ቢነቀል ካርቶኑን እዚሁ ጠረጴዛዎ ላይ ነው የምደፋው!»

«ተስማማን» አለች ዶክተር አይሪ፤ እጇን ዘረጋችላት።

ከዚያ በኋላ ኢርያ ስኳሯን የምትበላው በእልህ ነበር። የፋብሪካው ሴቶች «እስኪ ካንቺ ከረሜላ» ሲሏት ትሰጣቸዋለች፤ የታይስቶ ቁም ሳጥን ግን ለእሷ እንደተበየደ ብረት ሆነ። ሲያማት ትሄዳለች፣ ይሞላላታል፣ ትመለሳለች። እየተመላለሰች ከተራ ጠባቂዎቹ ጋር ተዋወቀች። የባንክ ጸሐፊ፣ ተማሪዎች፣ አንዲት ነርስ፣ የጀልባ ሹፌር። የስኳር ዕጣ የደረሳቸው ወንበሩ ላይ ይቆያሉ፤ የበርች ዕጣ የደረሳቸው ገብተው ወዲያው ይወጣሉ። ባለ ስኳሮቹ ባለ በርቾቹን «እናንተ ዘመናዮች!» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር።

ሁለቱ ዓመት ሊያልቅ ሲል፣ አንድ የምሳ ሰዓት ላይ ኢርያ ወደ ፋብሪካው ስልክ ተጠራች። ሄልካ ናት፤ ከመንደሩ ሱቅ ነው የምትደውለው።

«ኢርያ፣ ነገ ጠዋት ሐኪሙ ዘንድ ነኝ» አለች። ስልኩን ዘጋች።

በማግስቱ ኢርያና ታይስቶ ከሥራ ቀርተው የመጀመሪያውን አውቶቡስ ያዙ። የሐኪሙ መጠበቂያ ክፍል የቅርንፉድ ዘይት ይሸታል። ሄልካ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ እጆቿን ጉልበቷ መሃል ቀርቅራ ተቀምጣለች። ለምፒ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ከአጠገቧ አለች። ኢርያን ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«እማዬ፣ እዪኝ» አለች ኢርያ። አፏን ከፈተች።

ለምፒ ላታይ ፈልጋ አየች። «ጉድ! ብር ብቻ ሆኗል እኮ! ስንቱን ነው የሞሉልሽ?»

«ብዙ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስኳር በላሁ፣ ተቦረቦረ። ታይስቶ፣ ክፈት።» ታይስቶ እንደ ፈረስ ከንፈሩን ገልብጦ አሳየ። «እሱ ባንድ ጠረጴዛ ከኔ ጋር ተቀምጦ የበርቹን በላ። አንድም አልተነካ።»

«ይኸው! በገዛ አፍሽ መሰከርሽ!» አለች ለምፒ። «የእሱ ዘር ጥርሱ ድንጋይ ነው፣ የኛ ደግሞ ይበላል። እኔስ ከዚህ ሌላ ምን አልኩሽ?»

ኢርያ ይሄን ስትጠብቀው ነበር። «እሺ የባንኩ ጸሐፊስ? ነርሷስ? የጀልባ ሹፌሩስ? ሁሉም የኛ ዘር ናቸው? ስኳር የደረሰው ሁሉ ለማለት ይቻላል እንደኔ ተቦርቡሯል። በርች የደረሰው ሁሉ ለማለት ይቻላል እንደ ታይስቶ ነው። ዕጣው እኮ የማን ልጅ ነህ ብሎ አልጠየቀም! ደም አይደለም እማዬ። አፋችን ውስጥ ያለው ነገር ነው፤ እኛ የምናበላው።»

ሐኪሙ በሩን ከፍቶ ወጣ። አሮጌ ሰው ነው፤ እጅጌውን ሰብስቧል። «እኔ ያመጡልኝን ነው የምነቅለው» አለ ቅር ብሎት። «ጭቅጭቃችሁን ውጭ ጨርሱ።»

«ደህናውንም ይነቅላሉ?» አለችው ኢርያ።

ሐኪሙ የሰበሰበውን እጅጌ ወደ ታች መለሰ።

ለምፒ ተነሥታ ቆመች። «አውኔን አላየሻትም አንቺ! አላየሻትም! ጣቴን ስትይዝ አላየሽም!»

ኢርያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አላየኋትም እማዬ። ግን አውኔን የገደላት ጥርስ መኖሩ አይደለም። ያንን አንድ ጥርስ የሚያክምላት ሰው ማጣቷ ነው። ሄልካ አላጣችም። ቱርኩ ባውቶቡስ የምትደርሽበት ነው።»

 ከዚያ ሄልካ ከወንበሩ ተነሣች። ማንንም አላየችም። ካፖርቷን ከመስቀያው አወረደች፤ አንዱ እጅጌ ተገልብጦባት ታገለች፤ ታይስቶ ሊረዳት ሲል «ተወኝ፣ ራሴ» አለችው። ለብሳ ስትጨርስ ወደ ሐኪሙ ዞረች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች፤ «ጥርሴን አልሰጥም!»

በሩን ከፍታ ወጣች። ለምፒ «ሄልካ! አንቺ ሄልካ!» ብላ ተጣራች፤ አልተመለሰችም።

ሄልካ የዚያን ዕለት ቱርኩ ገባች፤ እነ ኢርያ ዘንድ ሶፋ ላይ እያደረች ትምህርቷን ቀጠለች። ዶክተር አይሪ ሁለት ጥርሶቿን ሞላችላት፤ ሌላ የሚሞላ አልተገኘም። ጥናቱ ሲያልቅ ኢርያ ካርቶኗን መለሰችና ስኳር የሚባል ነገር ለረጅም ጊዜ ዓይኗ ማየት አስጠላው። ሁሉንም ጥርሶቿን ይዛ ወጣች፤ የተሞሉ፣ የተጠገኑ፣ ግን የራሷ። ከዓመታት በኋላ አንዱ መንጋጋ ተሰነጠቀና ተነቀለ። ያን ቀን ለቅሶ እንደደረሰበት ሰው ስትነፋረቅ ዋለች፤ ታይስቶ ሊያስቃት ሞክሮ አልሆነለትም።

ለምፒ ተሳስቻለሁ አላለችም። አንድ ዓመት ያህል ቱርኩን አልረገጠችም። ኢርያ ልጅ ስትወልድ መጣች፤ ሕፃኑን ታቅፋ ስለ አየሩ፣ ስለ ላሟ፣ ስለ ጎረቤት ብቻ አወራች። ስለ ጥርስ አንድ ቃል አልወጣትም፤ ኢርያም አልጎተጎተቻትም።

ከዚያ በኋላ በአንዱ በጋ የለምፒ ወንድም ልጅ ታጨችና ዘመድ ሁሉ ሐርቫላ ላይ ተሰበሰበ። ሴቶቹ ከጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠው ለልጅቷ ምን ይሰጣት እያሉ ይመክራሉ። አንዷ አክስት፣ «እንደ ድሮው ነዋ! አዋጥተን ጥርሷን እናሠራላት። ከባሏ ጋር በሰላም ትኖራለች» አለች። ልጅቷ ቀና ብላ አላየችም።

ኢርያ ልትናገር አፏን ስትከፍት ለምፒ ቀደመቻት።

«የልብስ ስፌት መኪና ግዙላት» አለች። «ጥርስማ አላት።»

 ለምፒ የተጠበሰውን ዓሣ ወደ ራሷ ሳበችና አጥንቱን እየለቀመች መብላት ጀመረች።